ተስፋዬ ገሠሠ፦ ተዋናይ፣ አዘጋጅና የቴአትር መሪ

ተስፋዬ ገሠሠ (1929–2013 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ተዋናይ፣ የቴአትር አዘጋጅ፣ ጸሐፌ ተውኔት፣ የቴአትር ቤት ሥራ አስኪያጅና መምህር ነበሩ። በሐረርጌ ተወልደው በአዲስ አበባ ተማሩ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪ ሳሉ በመድረክ ላይ ያሳዩት ችሎታ ወደ አሜሪካ አስላካቸው፤ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቴአትር አጥንተው ተመለሱ። ከድርሰቶቻቸው መካከል «የሺ»፣ «ዕቃው» እና «ተሃድሶ» ይጠቀሳሉ። የሥራ ታሪካቸው ብዙውን ጊዜ በሹመት ዝርዝር ይቀርባል። እንደዚያ ሲነበብ ግን ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው የተዘዋወረ ሰው ታሪክ ይመስላል። ሥራዎቹ በአንድነት ሲታዩ ወደ አንድ ግብ ያመራሉ፤ ይኸውም ቴአትር ተሰጥዖ ያለው ሰው እንደ ዕድሉ የሚገባበት ሥራ መሆኑ ቀርቶ በትምህርት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ ሙያ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ይህ ግብ ምን ያህል አዲስ እንደነበር ለማየት ቀደም ያለውን ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ ለመድረክ በቅቶ ወዲያው ታገደ። የአገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ሕዝብን ለመቀስቀስ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ለኢዮቤልዩ በዓል ተከፈተ። አዳራሽም፣ ተመልካችም፣ ጎበዝ ተዋንያንም ነበሩ ማለት ነው፤ የሙያው ማስተማሪያ ግን አልነበረም። ተዋናዩ ከቀደሙት እያየ ይማር ነበር፤ ድርሰትና ዝግጅትም ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ነበሩ። ተስፋዬ ከአሜሪካ ሲመለሱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሠሩ፤ ቀጥሎም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረውን የኪነ ጥበባት ማዕከል መሩ። በመጀመሪያው ትወናንና ዝግጅትን በተግባር ሠሩበት፤ በሁለተኛው ደግሞ ተውኔት፣ ሙዚቃና ውዝዋዜ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚጠኑበትን ቤት የማስተዳደር ልምድ አገኙ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የመጣው ዘመን ይህን ጉዞ ክፉኛ ፈተነው። ተስፋዬ አገር ፍቅር ቴአትርን መርተዋል፤ «ዕቃው» በተሰኘው ተውኔታቸው ምክንያት ታስረዋል፤ ከተፈቱ በኋላም ብሔራዊ ቴአትርን (የቀድሞውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር) አስተዳድረዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል በ1971 ዓ.ም. ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። መድረክ ለእስር የሚዳርግበት፣ ሥራ አስኪያጅም በመንግሥት ፈቃድ የሚሾምበትና የሚሻርበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን አንድ ተውኔት በአንድ ትእዛዝ ይታገዳል፤ በዓመታት የሠለጠኑ ተማሪዎችን ዕውቀት ግን በትእዛዝ መሰረዝ አይቻልም። የትምህርት ክፍሉ ከሹመቶቻቸው ሁሉ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ አመለካከት ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው በድርሰት ረገድ ከጸሐፌ ተውኔቶቹ ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ወይም ከመንግሥቱ ለማ ጋር ሲነጻጸሩ ተስፋዬ ያነሰ አሻራ ነው የተዉት የሚል ነው። ሚዛኑ የተውኔት ቋንቋና ብዛት ከሆነ ተቃውሞው ትክክል ነው። ነገር ግን ታላቅ ድርሰት ቃሉን የሚናገር የሠለጠነ አካልና ድምፅ፣ ልምምዱን የሚመራ አዘጋጅ፣ ወጪውን የሚያቃና ሥራ አስኪያጅ ይፈልጋል፤ የተስፋዬ ድርሻ በዚህ በኩል ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ «ተሃድሶ»ን የመሰሉ ሥራዎች ለጊዜው ፖለቲካ አጎንብሰዋል የሚል ነው። ይህም የሚካድ አይደለም። ሆኖም የመንግሥት ካልሆነ መድረክ በማይገኝበት አገር ምርጫው መሥራት ወይም ዝም ማለት ነበር፤ «ዕቃው» ያስከተለው እስር ደግሞ ጸሐፊው የመናገርን ዋጋ አስቀድመው እንደከፈሉ ያሳያል።

ከእነዚህ የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ከአዲስ አበባ ውጭ የሚነሣው ነው፤ ይኸውም የሙያው ቤት በአንድ ከተማ ብቻ ተወሰነ የሚል ነው። ደቡብ ወሎን እንውሰድ። በዚያ የሚገኘው አምባሰል ከአራቱ ዋና ዋና የሙዚቃ ቅኝቶች ለአንዱ ስሙን ሰጥቷል፤ ከእነ ትዝታ፣ ባቲና አንቺሆዬ ጋር ይቆጠራል። ከደሴ በስተሰሜን ባለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደግሞ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያጠናከሩት ትምህርት ቤት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት አፍርቷል። በድምፅና በቃል ጥበብ የበለጸገ አገር ሆኖ ሳለ የሐይቅ ከተማም ሆነች የአምባሰሏ ውጫሌ መደበኛ ቴአትር ቤት አልነበራቸውም። በ1881 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በጣሊያን መካከል የተፈረመው የውጫሌ ውል እንኳ ለታሪካዊ ተውኔት ጉዳይ ሆኖ ሲቀርብ መድረኩ አዲስ አበባ ነው። በኪነ ጥበባት ማዕከሉ ሥር የነበረው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም የገጠሩን ዜማና መሣሪያ ወደ ከተማው አዳራሽ አመጣ እንጂ አዳራሹን ወደ ገጠሩ አልወሰደም።

ለዚህ ተቃውሞ ሙሉ መልስ የለም፤ ከፊል መልሱ ግን ተስፋዬ ከደገፉት የትምህርት መንገድ ይገኛል። ደሴ ላይ ድምፃዊት ማሪቱ ለገሰን ያፈራው የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን የአምባሰልን ዜማ ለአገር ያስተዋወቀው ተሰጥዖን በቋሚ ልምምድና በጋራ ሥራ በማነጽ ነው። የሐይቁ ገዳምም ዕውቀቱን ያቆየው መምህር ሲያልፍ ወንበሩን የሚተካ ደቀ መዝሙር ስለነበረው ነው። ሁለቱም የሚያረጋግጡት ተስፋዬ በዕድሜያቸው ሙሉ የተከተሉትን ሐሳብ ነው፦ ጥበብ የሚሰነብተው የሚያስተምረው ቤት ሲኖረው ነው። የጎደለው የሐሳቡ ስፋት ነው፤ ቤቱ በአንድ ከተማ ተወሰነ። ስለዚህ የተስፋዬ ገሠሠ ውርስ መመዘን ያለበት በአዲስ አበባ መድረኮች በተጨበጨበላቸው ተውኔቶች ብዛት ብቻ አይደለም፤ በሙያው የሠለጠኑ ሰዎች እንደ ሐይቅና ውጫሌ ባሉ ከተሞች ቋሚ ልምምድና ቋሚ መድረክ መመሥረት በቻሉበት መጠንም ጭምር ነው።