መሬትና ወሊድ፤ በቢቸናና በሞጣ አውራጃዎች የመንግሥት የሕዝብ ፖሊሲ አካሄድ

የኢትዮጵያ የሽግግር መንግሥት በሚያዝያ ወር 1985 ዓ.ም. ብሔራዊ የሕዝብ ፖሊሲ ሲያወጣ ሁለት ቁጥሮችን ግብ አድርጎ ነበር። አንደኛው፥ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር ከ7.7 ወደ 4 እንዲወርድ ነው፤ ሁለተኛውም የእርግዝና መከላከያ ተጠቃሚዎች ከመቶ 4 ወደ 44 ከፍ እንዲሉ ነው። ለሁለቱም የተቈረጠው ጊዜ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 2015 ነበር። ጊዜው ከደረሰ በኋላ በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ለአገሪቱ በጠቅላላው ያገኘው 4.6 ልጅና ባል ካላቸው ሴቶች መካከል ከመቶ 36 ተጠቃሚ ነው። እንግዲህ ግቡ አልተመታም። በዐማራ ክልል ግን ያው ጥናት ያገኘው 3.7 ልጅና ከመቶ 47 ነው፤ ይህም ከግቡ አልፎ የሄደ ነው። ፖሊሲው አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ስለ ምን ተለያየ?

የዚህን ጥያቄ መልስ በጤና ጣቢያ ደጃፍ ብቻ መፈለግ የሚበቃ አይመስለንም። እኛ የምንፈልገው ከዓባይ ድልድይ ማዶ፥ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኙት በቀድሞዎቹ የቢቸናና የሞጣ አውራጃዎች ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ቁጥሮች የመላው ክልል መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን፤ የመሬቱን ታሪክ ግን ከነዚህ ሁለት አውራጃዎች የበለጠ የሚያስረዳ ቦታ ጥቂት ነው።

እንደሚታወቀው የጎጃም መሬት የርስት መሬት ነበር። ሰው መሬት የሚያገኘው ከአንድ አቅኚ አባት መወለዱን ቈጥሮ በማስረዳት ሲሆን፥ ትውልዱም በአባትም በእናትም በኩል ይቈጠር ነበር። ስለዚህ አንድ ገበሬ በብዙ ቦታ ርስት መጠየቅ ይችላል፤ ይሁን እንጂ መጠየቅና ማግኘት አንድ አይደሉም። ለማግኘት ሙግት ያስፈልጋል፤ ለሙግትም ዘመድ፥ ምስክርና ጉልበት። ብዙ ልጅ ያለው ሰው በእርሻም በክርክርም ይበረታል። ጋብቻውም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ሁለቱ ቤተ ሰቦች በየበኩላቸው ከብትና ሀብት አዋጥተው ልጆቻቸውን ገና በለጋነታቸው ይድሩ ነበር። በዚህ ሥርዓት ልጅ መብዛቱን ማንም እንደ ችግር አላየውም፤ በረከት ነበርና።

መንግሥት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቁጥር ለማስገባት በሞከረ ጊዜ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። ግብሩ በምርቱ መጠን የሚተመን ስለ ነበረ ገማቾች በየማሳው መግባት ነበረባቸው። የቢቸናና የሞጣ ሰው ግን ገማቹን እንደ ቀላድ ጣይ አየው። በደቡብ አገር መሬት በቀላድ ከተለካ በኋላ ለባላገሩ የቀረለት ምን እንደ ሆነ ወሬው ደርሶት ነበር፤ ርስቴ ሊለካ ነው፥ ከተለካም ሊወሰድ ነው አለ። በዚያው ዓመት በሁለቱ አውራጃዎች፥ በዳሞትና በአገው ምድርም ጭምር ገበሬው መሣሪያ አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ መንደሮችም በአውሮፕላን ተደበደቡ። ሆኖም በመጨረሻ የተመለሰው መንግሥት ነው። እንደራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። (ይህን አመፅ የርስት ባላባቶች ብቻ ያነሣሡት ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ተራው ገበሬ የራሱ ምክንያት ነበረው እንላለን።)

ከሕዝብ ቁጥር ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር፥ መልሳችን የሚከተለው ነው። የሕዝቡን ብዛት ሊመራ የሚፈልግ መንግሥት አስቀድሞ መቍጠር አለበት፤ በጎጃም ግን ቈጠራ ማለት ግብር ማለት ነበር። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ የነበረው መንግሥት ስለ ወሊድ የነበረው ሕግ ቢኖር ክልከላ ነው፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ ይቀጣ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 የተቋቋመው የቤተ ሰብ መምሪያ ማኅበርም ሥራውን የጀመረው በዝምታ ነው። ሕንድ ከዚያ በፊት፥ በ1952 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ የቤተ ሰብ ምጣኔን የመንግሥት ሥራ አድርጋ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። በርስት አገር ገበሬው ያን ጊዜ የሚያርሰውን ይዞ እንዲቀር፥ በትውልድ ቈጠራ ሌላ መሬት ግን እንዳይጠይቅ ተደረገ። ቀጥሎም የገበሬ ማኅበራት መሬቱን በየጊዜው ሲያከፋፍሉ ዋናው መስፈሪያ የቤተ ሰብ ብዛት ሆነ። ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ደርግ የሕዝብ ፖሊሲ ብሎ በይፋ ያወጣው ሰነድ አልነበረም፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ድልድል ብዙ አፍ ያለው ቤት ብዙ ጥማድ የሚያገኝ ከሆነ፥ መንግሥት ሳያስበው ለወላጅ ሽልማት ሰጥቷል ማለት ነው። የመጀመሪያው የሕዝብ ቈጠራ በ1976 ዓ.ም. ሲደረግ ሕዝቡ 42 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ከዚያ በፊት ከተገመተው እጅግ የበለጠ ነበር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደግሞ 600,000 ያህል ሰው ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲሰፍር ሲደረግ፥ ከመስፈሪያዎቹ አንዱ የጎጃሙ መተከል ነበር። በዚያ ላይ የደረሰው እንግልት ራሱን የቻለ ጥናት የሚጠይቅ ስለ ሆነ እንለፈው።

ለጥያቄያችን ቁልፉ ያለው በ1989 ዓ.ም. ድልድል ነው። በዚያ ዓመት በምሥራቅ ጎጃም መሬት እንደ ገና ተከፋፈለ። በቀድሞዎቹ መንግሥታት ሥልጣን የነበራቸው «ቢሮክራት» እና «ቀሪ ፊውዳል» ተብለው ከ1 ሔክታር በላይ እንዳይዙ ሲደረግ፥ ለሌላው ገበሬ ጣሪያው 3 ሔክታር ነበር። ቅሬታው ብርቱ ነበር፤ ከጎጃም አቤት ለማለት ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ድረስ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። በሌላው ወገን ብዙ ሴቶችና ወጣቶች በስማቸው መሬት ያገኙት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ። መሬቱ ተመዘገበ፤ የባልና የሚስት ስም የሰፈረበት የይዞታ ደብተርም ተሰጠ፤ ሌላ ጠቅላላ ድልድል አልመጣም። እንግዲህ ከ1989 ዓ.ም. በኋላ የተወለደ ልጅ ድርሻ ማምጣቱ ቀርቶ ድርሻ የሚካፈል ሆነ። አባት ከ1 ሔክታር ላይ ለሦስት ልጅ ምን ያህል ይቈርሳል? ጎጆ መውጫ ያጣው ወጣት እኩል አራሽ ሆነ፤ ወይም ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ወረደ፤ ወይም አዲስ አበባ ገባ።

ወሊድ የቀነሰውም በዚሁ ጊዜ ነው። የክልሉ አማካይ በ1997 ዓ.ም. ጥናት 5.1፥ በ2003 ዓ.ም. 4.2 ነበር። በእርግጥ በ1995 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ፥ በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን በመመደብ፥ በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን መርፌ ለሴቶች ደጃቸው ድረስ ባያመጣ ኖሮ ፍላጎቱ ብቻውን ባልጠቀመ ነበር። ስለ ጋብቻ ዕድሜ የወጣው ሕግ ግን ያን ያህል አልሠራም፤ 18 ዓመት ብሎ ቢደነግግም፥ የ1997ቱ ጥናት በክልሉ ከጠየቃቸው ሴቶች ግማሽ የሚሆኑት 15 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ። በይልማና ዴንሳ ወረዳ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» ሴት ልጁን ሳይድር ለቈየ ቤተ ሰብ በግ ይሰጥ ነበር፤ ይህ ከቅጣት ይልቅ የገበሬውን ሒሳብ የተረዳ አሠራር ይመስለናል።

አንድ ተቃውሞ ግን ሊነሣብን ይችላል። የመሬት ጥበት ወሊድን የሚቀንስ ከሆነ፥ እጅግ በተጨናነቀው በደቡብ ክልል በ2008 ዓ.ም. 4.4፥ በኦሮሚያም 5.4 ሆኖ የተገኘው ስለ ምንድን ነው? ተቃውሞው ከባድ ነው። እኛ የምንለው ጥበት ብቻውን በቂ ነው አይደለም፤ የጎጃም ገበሬ በአንድ ትውልድ ውስጥ ድልድል በቤተ ሰብ ብዛት ሲደረግ አይቶ፥ ቀጥሎም የድልድሉ ተስፋ ሲቈረጥ አይቷል፤ ለውጡ ድንገተኛ ስለ ነበረ ሒሳቡም ቶሎ ተለወጠ። ሩማንያ በ1966 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ውርጃን በዐዋጅ ስትከለክል ወሊድ በማግሥቱ ዓመት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ነገር ግን የሰዉ ኑሮ ስላልተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መልሶ ወረደ። በጎጃም የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ስለ ወሊድ አንድም ቃል የሌለበት የመሬት ዐዋጅ ስለ ወሊድ ከተጻፈው ፖሊሲ የበለጠ ሠርቷል ብለን እናምናለን።

ስለ ቈጠራው የጀመርነውን እንጨርስ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው 3ኛው ቈጠራ የዐማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ሲወጣ፥ አስቀድሞ ከተገመተው በ2 ሚሊዮን ያህል ያነሰ ስለ ነበረ ነገሩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አከራክሯል። ከወሊድ መቀነስ፥ ከስደትና ከአቈጣጠሩ ጉድለት የትኛው ምን ያህል ድርሻ እንደ ነበረው ሊለይ የሚችለው ሌላ ቈጠራ ነበር። 4ኛው ቈጠራ ግን በ2011 ዓ.ም. እንደ ገና ተላለፈ፤ ከዚያ ወዲህ ለእነማይ፥ ለእናርጅ እናውጋና ለሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች የማዳበሪያውም የክትባቱም ድልድል የተሰላው የ1999ኙን ቁጥር በግምት እያሳደጉ ነው።