በራስ ፍጥነት የሚጠና የወንጀል ፍትሕ ሁለተኛ ዲግሪ (አሜሪካ)

ተማሪው ክፍል ሳይገባና የጋራ የጊዜ ሰሌዳ ሳይጠብቅ፣ በርቀት አጥንቶ የሚያገኘው የማስተርስ ዲግሪ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 36 ክሬዲት ይጠይቃል፤ የሚጠናቀቀውም በመመረቂያ ጽሑፍ፣ በማጠቃለያ ፈተና ወይም በፕሮጀክት ነው። የወንጀል ጥናት፣ የፖሊስ አስተዳደር፣ የፍርድ ቤትና የማረሚያ ቤት አሠራር፣ የምርምር ዘዴና ስታቲስቲክስ የተለመዱ ኮርሶች ናቸው።

አመጣጥ

የወንጀል ፍትሕ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የት ተጀመረ የሚለው ያከራክራል። ብዙዎች የበርክሌይ ከተማ ፖሊስ አዛዥ የነበረውን ኦገስት ቮልመርን ያስቀድማሉ። ቮልመር በ1908 (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለፖሊሶቹ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1916 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኮርሶች እንዲሰጡ አደረገ። የሳን ሆዜ ኮሌጅ በ1930 የፖሊስ ትምህርት መጀመሩን የሚጠቅሱ አሉ። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወገኖች በበኩላቸው በ1935 የተጀመረው ፕሮግራማቸው ሳይቋረጥ መዝለቁን ያነሳሉ፤ የበርክሌይ የክሪሚኖሎጂ ትምህርት ቤት በ1976 ስለ ተዘጋ ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ለድኅረ ምረቃው ግን ይበልጥ የሚቀርበው 1968 ይመስላል። በኒው ዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ በአልባኒ የዶክትሬት ፕሮግራም የተጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ በዚያው ዓመት የወጣው የወንጀል ቁጥጥር ሕግም ለሚማሩ ፖሊሶች የብድርና የእርዳታ በር ከፈተ።

የክፍያ እርዳታ

የተማሪ እርዳታ የሚወሰነው ኮርሱ የርቀት ወይስ የተልእኮ (በደብዳቤ ልውውጥ ዓይነት የሚሰጥ) ትምህርት ነው በሚለው ሲሆን፣ በፌዴራል ደንብ ዋናው መለኪያ መምህሩ ከተማሪው ጋር የሚያደርገው ግንኙነት መደበኛና ቁም ነገር ያለው መሆኑ ነው። ግንኙነቱ አልፎ አልፎና በአብዛኛው በተማሪው ጠያቂነት የሚደረግ ከሆነ፣ ኮርሱ በኢንተርኔት ቢሰጥም እንደ ተልእኮ ትምህርት ይቆጠራል። በራስ ፍጥነት የሚጠኑ ኮርሶች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በተልእኮ ኮርሶች ብቻ የተመዘገበ ተማሪ ከግማሽ ጊዜ ተማሪ በላይ ተደርጎ አይታይም፤ ከኮርሶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተልእኮ የሆኑበት ተቋም ደግሞ ከፌዴራል የተማሪ እርዳታ ውጭ ይሆናል። ይህ ገደብ በ1992 የገባው አንዳንድ የተልእኮ ትምህርት ቤቶች የመንግሥትን ገንዘብ በመመዝበራቸው ነበር። ምክንያቱ ተገቢ ነው፤ ሸክሙ ግን ቋሚ የክፍል ሰዓት ሊኖረው በማይችለው በፈረቃ ሠራተኛ፣ ለምሳሌ በሌሊት ተረኛ የማረሚያ ቤት ጠባቂ ላይ ያርፋል። ይህ ጉዳይ ከሚሰጠው ትኩረት በላይ ይገባዋል። ከእንዲህ ዓይነት ሠራተኞች ብዙዎቹ ከኪሳቸው ወይም በአሠሪያቸው ድጋፍ ይከፍላሉ።

እውቅና

በ1926 የተቋቋመውና ከ2015 ወዲህ የርቀት ትምህርት እውቅና ኮሚሽን የሚባለው አካል ለርቀት ተቋማት እውቅና ይሰጣል። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ከእነዚህ ተቋማት የተገኘ ክሬዲትን የግድ አይቀበሉም።

በኢትዮጵያ

የውጭ አገር ዲግሪ አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው።