ከሰርቨር ወደ ብራውዘር፦ የአንድ ጥሪ ታሪክ

ድረ ገጽ ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ ገጹን አዘጋጅቶ የሚልከው ሰርቨር የሚባለው ኮምፒውተር ሲሆን፣ ሌላው ገጹን ተቀብሎ በተጠቃሚው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ የሚያሳየው ብራውዘር የተሰኘው ፕሮግራም ነው። ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የምርምር ማእከል የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ የተገለጠው ሥርዓት ጥያቄውን ለብራውዘሩ፣ መልሱን ለሰርቨሩ ስለ ደለደለ፣ ሰርቨሩ መልሱን ከሰጠ በኋላ በገጹ ላይ የሚሆነውን የሚያይበትም የሚያዝበትም መንገድ አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ1995 የኔትስኬፕ ባልደረባ ብሬንዳን አይክ በብራውዘር ውስጥ የሚሠራውን ጃቫስክሪፕትን ፈጠረ፤ በዚያው ዓመት ራስመስ ሌርዶርፍ ፒኤችፒን፣ በቀጣዩ ዓመት ማይክሮሶፍት ኤኤስፒን ለሰርቨር በኩል ሥራ አወጡ። በዚህ ጊዜ በሰርቨር ያለ ኮድ በብራውዘር ያለን ፈንክሽን፣ ማለትም በስሙ ሲጠራ የተወሰነ ተግባር የሚፈጽም የትእዛዝ ስብስብ፣ እንዴት እንደሚያስነሣ ማሰብ ግድ ሆነ። የባለሙያዎቹ መላ ጥሪውን ገጹ ላይ ጽፎ መላክ ነበር። ደባርቅ ያለ ሰው ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ዛሪማ ለሚኖር ዘመዱ ጉዳዩን በደብዳቤ እንደሚያስፈጽም ሁሉ፣ ሰርቨሩ ትእዛዙን ይጽፋል፤ የሚፈጽመው ግን ገጹ የደረሰው ብራውዘር ነው።

ጥሪው ከሚነካው ቅጽ ቀድሞ ከተጻፈ፣ ብራውዘሩ ገና ያላነበበውን ነገር ስለሚፈልግ ስሕተት ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የማይክሮሶፍት ኤኤስፒ ዶት ኔት «ሬጂስተር ስታርትአፕ ስክሪፕት» በተባለው ትእዛዝ ጥሪውን በቅጹ መዝጊያ አጠገብ ያስቀምጥ የነበረው ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አጃክስ የሚል ስም የወጣለት፣ ገጹን በሙሉ ሳይጭኑ ከፊሉን ብቻ የማደስ ዘዴ ሲስፋፋ ግን፣ በቀድሞው መንገድ የተጻፈው ጥሪ ከታደሰው ክፍል ጋር ሳይደርስ ይቀር ስለ ነበር፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 «ስክሪፕት ማኔጀር» የተባለውን አስተባባሪ ይዞ ቀረበ።

ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በ1997 በተጀመረባት ኢትዮጵያ የፊደል ችግር ተጨማሪ ነበር። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ፊደላት የኮድ ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ ደረጃ እትም 3.0 የራሱን የኮድ ቦታ እስኪያገኝ ድረስ የአማርኛ አጻጻፍ በየፎንቱ ስለሚለያይ፣ ሰርቨሩ የላከው የአማርኛ ማስጠንቀቂያ፣ ገጽ ሠሪው ፎንት ሊመርጥለት በማይችለው የብራውዘር መልእክት ሣጥን ውስጥ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ሊታይ ይችል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ደረጃው የወጣለት ዌብሶኬት ግንኙነቱ ክፍት ሆኖ እንዲቆይና ሰርቨሩ ሳይጠየቅም መልእክት እንዲልክ አስችሏል፤ ሆኖም ፈንክሽኑን የሚያስነሣው ዛሬም ብራውዘሩ ነው። የተላከው ሁሉ እንደ ትእዛዝ ሊነበብ ስለሚችል፣ ተጠቃሚው ያስገባውን ጽሑፍ ሳያጣሩ በጥሪው መካከል መሰካት አደገኛ ነው፤ እንዲሁም ኔትወርክ በሚደክምበት ተራራማ አገር ለሚኖር ተገልጋይ ሙሉ ገጽ ከማመላለስ አጭር መልእክት መላክና የሚከፍልበትን ዳታ መቆጠብም የድረ ገጽ ሠሪው ግዴታ ነው።