ቦዲ፦ ወርቁ አልቆ ዕቃው የቀረባት ከተማ

የሱቁ መደርደሪያ ላይ ጣሳዎች እንደተደረደሩ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዴስኮቹ አሉ። ሰው ግን የለም።

ይህች ከተማ ቦዲ ትባላለች። የምትገኘው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ 2,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ዛሬ ታሪኳን ባጭሩ እናጫውታችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

▪ እንዴት ተጀመረች?

በ1859 ቦዲ የተባለ ወርቅ ፈላጊ ከጓደኞቹ ጋር እዚህ ቦታ ወርቅ አገኘ። ግን ምን ዋጋ አለው? በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ ስንቅ ሊያመጣ ሄዶ በበረዶ ውሽንፍር ሞተ። በስሙ የተጠራችውን ከተማ አላያትም።

ቦታው ለዓመታት ጭር ብሎ ቆየ። በ1875 አንድ የማዕድን ጉድጓድ ሲደረመስ ብዙ ወርቅ ያለው ድንጋይ ብቅ አለ። ከዚያ በኋላ ሰው ጎረፈ። በ1880 አካባቢ ነዋሪዋ 8,000 ገደማ እንደነበር ይገመታል። መጠጥ ቤቶቿ ብቻ ከ60 በላይ ነበሩ።

▪ ለምን ተተወች?

ብዙ አልቆየም። ገና በ1880ዎቹ መጀመሪያ ወርቁ መመናመን ሲጀምር ቆፋሪዎቹ አዲስ ማዕድን ወደተገኘባቸው ከተሞች ሄዱ። ቦታው ሩቅ፣ ማጓጓዣውም ውድ ስለነበር ብዙዎች ዕቃቸውን እዚያው ጥለው ነው የወጡት። በ1932 የተነሳ እሳት አብዛኛውን ከተማ በላው። በ1942 ደግሞ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ የአሜሪካ መንግሥት ወርቅ ማውጣት እንዲቆም ሲያዝ የቀረውም ማዕድን ተዘጋ።

▪ እስከዛሬ እንዴት ቆመች?

አብዛኛውን መሬት የያዘው የኬይን ቤተሰብ ዘራፊ እንዳይገባ ጠባቂ ቀጥሮ አስጠበቃት። በ1962 የካሊፎርኒያ የታሪክ ፓርክ ሆነች። ቤቶቹ እንዳይፈርሱ ይደገፋሉ እንጂ እንደ አዲስ አይታደሱም። አሁን ከ100 በላይ ቤቶች ቆመዋል።

አንድ ጥብቅ ሕግም አለ፦ ሚስማርም ብትሆን ይዞ መውጣት ክልክል ነው። «የቦዲን ዕቃ የወሰደ መጥፎ ዕድል ይከተለዋል» የሚል ወሬ ስላለም፣ የወሰዱትን ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ የሚመልሱ ጎብኚዎች አሉ።

እርግማኑን እመኑም አትመኑም፣ ከተማዋን ያተረፋት ግን ይሄ ነው። ድሮ ሰው ሁሉ ቦዲ የሚመጣው ሊወስድ ነበር። ዛሬ የቆመችው ማንም ምንም ስለማይወስድባት ነው።