የወረዳ ሪፖርትና የአንድ ሰርቨር ታሪክ

የአፓርታይድ ሥርዓት በ1994 እ.ኤ.አ. ሲያከትም የደቡብ አፍሪካ የጤና አገልግሎት በዘርና በግዛት ተከፋፍሎ ስለነበር የአንድን ወረዳ ጤንነት በአንድነት የሚያሳይ አኃዝ ማግኘት አዳጋች ነበር። ይህን ክፍተት ለመሙላት የአገሪቱ ምሁራን ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዲኤችአይኤስ የተባለውን ሶፍትዌር ሠሩ። ሶፍትዌሩ በነጻ የሚታደል ቢሆንም በየኮምፒዩተሩ ለየብቻ የሚጫን ነበር። አንድ ቅጽ ሲለወጥ ወይም አንድ ስህተት ሲታረም ማሻሻያው በእያንዳንዱ ወረዳ እንደገና መጫን አለበት፤ ያልደረሰው ወረዳ በአሮጌው ቅጽ ይልካል፣ የማዕከሉም ድምር ይዛባል። የተለያየ ቅጽ የሞሉ ጤና ጣቢያዎችን ሪፖርት ለመደመር የሞከረ ባለሙያ ጣጣውን ያውቀዋል።

በኢንተርኔት የሚሠራው ሁለተኛው ዲኤችአይኤስ በሕንድ ኬረላ ግዛት በ2006 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ዋለ። ትልቁ ለውጥ የታየው ግን በኬንያ ነው። የመጀመሪያው ዕቅድ እንደ ቀድሞው ሶፍትዌሩን በየወረዳው መጫን ነበር። ይሁንና በባሕር ጠረፉ ክፍለ ሀገር በተደረገው ሙከራ በሞባይል ሞደም የሚገኘው ኢንተርኔት ለሥራው በቂ ሆኖ ተገኘ። ዕቅዱ ተለወጠ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ወረዳዎች በሙሉ በኪራይ ከተያዘ አንድ የክላውድ ሰርቨር ጋር ተገናኙ። ከሰሐራ በታች ካሉት አገሮች ብሔራዊ የጤና መረጃ ሥርዓቷን ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት በመዘርጋት ኬንያ የመጀመሪያዋ ሆነች።

ከዚያ ወዲህ በሰርቨሩ ላይ የታረመ ስህተት ለሁሉም በአንድ ጊዜ የታረመ ሆነ። ሶፍትዌሩን የሚሠራውና ሥራ ላይ የሚያውለው ሰው ተቀራርበው በትንሽ በትንሹና በየጊዜው የሚያሻሽሉበት አሠራር በ2009 እ.ኤ.አ. በቤልጅየም ከተማ ጌንት ከተደረገ ጉባኤ ወዲህ ዴቭኦፕስ በሚል ስም ታውቋል። በእኔ አስተያየት የኬንያ ወረዳዎች ያገኙት ዋነኛ ጥቅምም ከማሽኑ ይልቅ ይህ መቀራረብ ነው። ቀድሞ ወደ ላይ ልኮ ይረሳ የነበረው የወረዳ ባለሙያ የራሱን የክትባት አኃዝ ከጎረቤት ወረዳ ጋር ማነጻጸር ቻለ።

ዋጋም አለው። አንዱ ሰርቨር ከቆመ አገሩ ሁሉ ይቆማል። የሕዝብ መረጃ በኪራይ ቤት ሲቀመጥ ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚለውም ጥያቄ ይነሣል።

ኢትዮጵያም ይህንኑ ሶፍትዌር በ2018 እ.ኤ.አ. ለብሔራዊ የጤና መረጃ ሥርዓቷ ተቀብላለች። የአገልግሎቱ አኃዝ ግን ወደ ሰርቨሩ ከመድረሱ በፊት ነርሷ በመዝገብና በታሊ ወረቀት ላይ በእጇ ትጽፈዋለች።