ሐይቅን በመጽሐፍ መግባት

መቼም ልብ ወለድ የሚወድ ሰው ገዳም ይወዳል። ገዳም ውስጥ ብራና አለ፣ ምሥጢር አለ፣ ለሁሉም የማይከፈት በር አለ። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ባሳተመው «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማት ከስለላ ጋር አቆላልፎ ስንቱን ወጣት እንቅልፍ ነስቷል! እኛም አንብበን ወደነዋል። ግን እስቲ እንጠይቅ፦ የገዳም ታሪክ ይህን ያህል የሚጥመን ከሆነ ሐይቅ እስጢፋኖስን ለምን አናነበውም?

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገዳሙ ጥንት ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ ቦታው ከየብስ ጋር ተያይዟል። ሴት ግን አትገባም። ስለዚህ ለእኛ ለሴቶቹ ያለው መግቢያ መጽሐፍ ነው። ደግነቱ ጥሩ ጥሩ ተራኪዎች ቀድመውን ገብተዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ከ1520 እስከ 1526 አገራችን ቆይቶ የጻፈው መጽሐፍ በ1540 ታተመ። ደሴቱን፣ መነኮሳቱ የሚሻገሩበትን የደንገል ታንኳ፣ የሐይቁን ጉማሬ ሳይቀር ያሳየናል። አልቫሬዝ አይቸኩልም፤ ያየውን ይነግርሃል፣ ያልፋል። ለእኛ ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» ነው። ጸሐፊው ዐረብ ፈቂህ ከኢማም አህመድ ወገን ነው። በ1531 ሠራዊቱ ሐይቁ ዳር ሲደርስ፣ ውሃውን ለመሻገር ታንኳ ሲያበጅ፣ መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያናቸው እንዲተርፍ ሀብታቸውን ሲያስረክቡ እናነባለን። ልብ አንጠልጣይ ነው። ሆኖም ታሪኩን የምናየው ከዳር ቆሞ ከሚጠብቀው ጦር በኩል ነው። በደሴቱ ላይ የነበሩት ቢጽፉት ኖሮ ሌላ መጽሐፍ በሆነ ነበር።

ሦስተኛው ገድለ ኢየሱስ ሞዐ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1248 የገዳሙ አበምኔት ሆኑ፤ ገድላቸው የተጻፈው ግን ካረፉ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በ1270 ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ የረዱት እሳቸው እንደሆኑ፣ ንጉሡም ለገዳሙ ትልቅ ክብር እንደሰጠ ይተርካል። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ደግሞ ይህንኑ ሚና ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። ተክለ ሃይማኖት ደግሞ ሐይቅ የተማሩ የኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዝሙር ናቸው! አንድ ታሪክ፣ ሁለት ገዳም፣ ሁለት ባለውለታ። ንጉሥን ያነገሠ ገዳም ክብሩም ርስቱም ከፍ ይላልና ተራኪዎቹ ለምን እንደተለያዩ መገመት አያስቸግርም።

ታዲያ ማንን እንመን? እዚያው ሐይቅ አንድ ጸጥ ያለ ምስክር አለ፦ ኢየሱስ ሞዐ ራሳቸው በ1280 እና በ1281 መካከል ለገዳሙ ያስጻፉት ወንጌል። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት በዚህ ብራና ላይ የተጻፉትን ማስታወሻዎች ተከትለው ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን አበምኔቶች ተራ በ1970 ባሳተሙት ጥናት አቅርበዋል። የስምና የንብረት ዝርዝር እንቅልፍ አይነሳም፤ ተራኪው ሲያጋንን ግን ልጓም የሚይዝልን እሱ ነው።

ይህን የምንለው የልብ ወለድ ደስታችሁን ልንነጥቅ አይደለም። ዛሬ በየቡና ቤቱ «ማን ማንን አነገሠ» እየተባለ ወዳጅ ከወዳጁ የሚቀያየመው ብዙ ጊዜ አንዱን ተረክ ብቻ ይዞ ነው። ስለዚህ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ስትሉ፣ «ይህን የነገረኝ ማነው? መቼ? ለማን ብሎ?» የሚለውንም ጨምሩበት። ታሪኩ ጣዕሙን አያጣም። እንዲያውም ተራኪው ራሱ አንድ ተጨማሪ ገጸ ባሕርይ ይሆንላችኋል።

መልካም ንባብ!