ውጫሌ ላይ ወራጅ አለ!

ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር የትርጉም ነገር በተነሳ ቁጥር ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል እጽፍ ነበር። «ይቻላቸዋል»። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጥና ፊቴን ወደ ተማሪዎቼ አዞራለሁ። «በዚህች ቃል ምክንያት ስንት ሰው እንዳለቀ ታውቃላችሁ?» ክፍሉ ጸጥ ይላል። እውነቱን ለመናገር ጸጥታውን እወደው ነበር፤ መምህር ሲባል ትንሽ ተዋናይነት አያጣውም። አንድ ቀን ታዲያ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ሁለት ወር ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ የወሎ ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ውጫሌን ያውቁታል?»

«እንዴታ!» አልኩት።

ዋሽቼ ነበር። ቢበዛ ግማሽ እውነት ነው። ከደሴ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ከአሥር ጊዜ በላይ ተመላልሻለሁ። ሐይቅ ከተማን አልፎ አውቶቡሱ ዳገት ቁልቁለቱን ሲያያዘው፣ በስተግራ የአምባሰል ተራራ ሲገተር፣ ብዙውን ጊዜ እንቅልፍ ላይ ነኝ። ስነቃ ውጫሌ አልፏል። ልጁ ደሞ «አልፈውበታል?» አላለኝም። «ያውቁታል?» ነው ያለኝ። የትርጉም መምህር ሆኖ በሁለት ግሥ መካከል ያለውን ልዩነት እያወቁ መዝለል ያሳፍራል። ያሳፈረኝ ግን ዘግይቶ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ወልዲያ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውጫሌ ሲገባ ሳላስበው «ወራጅ አለ!» አልኩ። ረዳቱ ዞሮ አየኝና «ጋሼ፣ ደሴ ገና ነው እኮ» አለ። «አውቃለሁ፣ አውርደኝ» አልኩት። የከፈልኩትን ሙሉ ሒሳብ ትቼለት ወረድኩ። እንዲህ ነው ለሃያ ዓመት ያስተማርኩትን አገር የረገጥኩት።

የወዳጄ ወዳጅ የሆነ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ስልኬን ተቀብሎ መጣልኝ። ውሉ የተፈረመው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ «ንጉሥ ይስማ!» ብሎ የሚጮህ አቤት ባይ ይመስላል። በስፍራው ሙዚየም ለማቋቋም የተደከመው ድካም ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል፤ ለዛሬ ልለፈው። እኔን የሳበኝ ሜዳውና ከሜዳው በታች ያለው ጅረት ነው። መምህሩ የሰፈር ሽማግሌ አንድ አባት ጠርቶልን ሦስት ሆነን ወረድን።

መንገድ ያልኩት የከብት መንገድ ነው። ማንም አላነጠፈው፣ ማንም ምልክት አልተከለበት፤ ከብትና ውሃ ቀጂ ሴቶች በእግራቸው የጻፉት ነው። አንዴ ከውሃው ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል፣ አንዴ ድንጋይ ሲያጋጥመው ይርቅና ተመልሶ ይመጣል። ከላይ ፀሐዩ ቁልቋሉን ሲያቃጥል ከታች ጥላ ነው። የበልግ ዝናብ ጥቂት ጥሎ ስለነበር ጅረቱ ድምፅ አለው። አንድ ያረጀ ወይራ አለ፤ ሁለት ሦስት ጽድ አለ፤ ቀጋና አጋም እግር ይይዛል። ቢጫ ጄሪካን ያዘሉ ልጃገረዶች ጫማዬን አይተው ሳቁብኝ። ጫማዬ በእርግጥም ለአዲስ አበባ አስፋልት የተሰፋ ነበር። ከአውራ ጎዳናው እዚህ ድረስ የሚያመለክት ምንም ነገር የለም። አገር አቋርጦ የሚያልፍ መንገደኛ ይህ ቦታ መኖሩን በምን ያውቃል? የሰፈሩ ሰው ግን የእግር መንሸራሸሪያው አድርጎታል፤ ማታ ማታ ጎረምሶች ለጥናት፣ ሌላም ጊዜ ለሌላ ጉዳይ ይወርዳሉ አሉኝ።

«የንጉሡ ድንኳን የት ነበር?» ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው።

«እዚህ ነበረ ይላሉ። የለም፣ ከዚያ ማዶ ነው የሚሉም አሉ። እኔ አልነበርሁ፣ ምን ብዬ ልንገርዎ?» ካሉ በኋላ በዱላቸው ወደ ጅረቱ አመለከቱ። «ውሃውን ግን ማንም አይከራከርበት። ያን ያህል ሠራዊት ያለ ውሃ አይሰፍርም።»

የታሪክ መምህራኖቼ ይቅር ይበሉኝና ስለ ውጫሌ ካነበብኩት ሁሉ ይህ ንግግር ነው ያነቃኝ። የድሮ ቤተ መንግሥት እኮ የሚንቀሳቀስ ከተማ ነበር። የንጉሡ ድንኳን መሀል ይተከላል፤ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ፣ ደጀኑ ከኋላ ይሰፍራል። በሺህ የሚቆጠር ወታደር፣ ፈረስ፣ በቅሎ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ጠጅ ጣይ ይከተላል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ውሃና ማገዶ ካለበት ይሰፍራል፤ ማገዶው ሲያልቅ ይነሳል። የታሪካችን ትልልቅ ቀኖች የተፈጸሙበትን ቦታ የመረጠው ብዙውን ጊዜ ምንጭና ጫካ ነው።

አሁን ወደ 1881 ዓ.ም. እንመለስ። በመጋቢት መጀመሪያ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው አረፉ። ምኒልክ ዘውዱን ለማጽናት ወደ ሰሜን ገሠገሡ። ለዓመታት ሸዋ ሲመላለስ የኖረው ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ የውሉን ረቂቅ ይዞ ተከተላቸው። ዮሐንስ ከሞቱ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ እዚህ ፈረሙ። በአስተርጓሚነት ከሚነሱት መካከል ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ይገኙበታል። በዚያው ሰሞን በምፅዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን እየፈጀ ነበር፤ ክፉ ቀን የምንለው ረሀብ ደጃፉ ላይ ደርሷል። እዚህ ጅረት ላይ ውሃ ሲያጠጣ የነበረ የዚያን ዘመን እረኛ በሚቀጥለው ዓመት የሚያጠጣው ከብት ነበረው ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ውሉ 20 አንቀጽ አለው። እኛ የምናውቀው አንዱን ነው፤ 17ኛውን። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣሊያንኛው ለመላላክ ተስማምተዋል ብሎ አሰራቸው። ፍቀዱ ያለው ሰነድ ውዴታ ነው፣ ተስማሙ ያለው ግዴታ ነው። አንቀጽ 19 ደግሞ ሁለቱ ቋንቋዎች ፍጹም አንድ ናቸው፣ እኩልም የጸኑ ናቸው ይላል! ምኒልክ የንግሥናቸውን ዜና ለአውሮፓ ነገሥታት ሲልኩ፣ እንግሊዝና ጀርመን «በኢጣሊያ በኩል ይምጣ» ዓይነት መልስ ሰጡ፤ ነገሩ ያን ጊዜ ገሃድ ወጣ። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉ አስታወቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1964 ስዊድናዊው ስቬን ሩቤንሰን አዲስ አበባ ላይ ያሳተመው ጥናት፣ ኢጣሊያዊው ካርሎ ጂሊዮም የሰጠው መልስ፣ ማን ማንን አታለለ የሚለውን ክርክር ለአንባቢ ሁሉ ከፍተውታል። እኔም ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ከዚያ ቀድቼ ነው።

ጅረቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ግን ስለ 17 አይደለም፤ ስለ አንቀጽ 3 ነው። ወሰን የሚያካልለው እሱ ነው። ሐላይ፣ ሰገነይቲ፣ አስመራ በኢጣሊያ እጅ የገቡት በእሱ ነው፤ በዚያው ክረምት ጦሯ አስመራ ገባ። ራስ መኮንን ኢጣሊያ ወርደው መስከረም 1882 ዓ.ም. የፈረሙት ተጨማሪ ውል ደግሞ ወሰኑ ማን የቱን ይዟል በሚለው ይታይ አለ፤ ለያዘ ሰው እንግዲህ ምን ይሻላል! በታኅሣሥ 1882 ዓ.ም. «ኤርትራ» የሚለው ስም ታወጀ። ከአድዋ በኋላ፣ ጥቅምት 1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ውል የውጫሌን ውል ሻረው። ቃሏ ተሰረዘች። መሬቱ አልተመለሰም። በ1892 ዓ.ም. የተፈረመው የወሰን ውል መረብን፣ በለሳንና ሙናን ድንበር አደረገ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ያለቁትን አስቡ፤ የወሰን ኮሚሽኑ ሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ላይ ውሳኔ ሲሰጥ ገልጦ ያነበበው ይህንኑ የ1892ቱን ውልና ተከታዮቹን ነበር።

ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንቀጽ 3ን አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ 17 ላይ እኛ ተታለልን፣ በኋላም አሸነፍን። ታሪኩ ያምራል። 3 ላይ ማንም አላታለለንም። ሁለቱም ቋንቋ ላይ የተጻፈው ያው መሬት ነው።

ይህን ለሽማግሌው በአጭሩ አጫወትኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ቃሉንማ ሬድዮኑም ያወራዋል» አሉ። «ቦታውን ነው ማንም የማይጠይቀን። አንቱም መንገድ ጠፍቶብዎት መስሎኝ ነበር።»

ከተመለስኩ በኋላ ጉብኝቴን ለአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጻፍኩለት። ኒውዚላንድ ነው የሚኖረው። መልሱ ፎቶግራፍ ነበር፤ ሰፊ የሣር ሜዳ፣ ከጎኑ ወንዝ፣ በወንዙ ዳር ሰዎች ሕፃን አዝለው ሲራመዱ። ዋይታንጊ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1840 የእንግሊዝ ዘውድና የማኦሪ አለቆች ውል የተፈራረሙበት። ያ ውልም እንደኛው በሁለት ቋንቋ ተጻፈ፣ እንደኛውም ሁለት ሆኖ ቀረ፤ እንግሊዝኛው ሉዓላዊነት ሰጣችሁ ሲል፣ ማኦሪኛው አስተዳደር የሚል ቃል ነው ያለው። ሚሲዮናዊው ሄንሪ ዊልያምስ ከልጁ ጋር ሆኖ በአንድ ሌሊት ተረጎመው። በስሙ ውስጥም ውሃ አለበት፤ ዋይታንጊ ማለት የሚያለቅስ ውሃ ማለት ነው ይላሉ።

ያንን ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1932 የአገሪቱ አገረ ገዥ የነበሩት ሎርድ ብሌዲስሎ ከኪሳቸው ገዝተው ለሕዝብ ሰጡት። ዛሬ ከውሉ ሜዳ ተነስቶ በወንዙ ዳር፣ ጨው ውሃ ውስጥ በሚበቅለው ዛፍ መሀል አልፎ፣ ሃሩሩ የተባለ ፏፏቴ ድረስ የሚያደርስ የእግር መንገድ አለ። በየዓመቱ ውሉ በተፈረመበት ቀን ሰው ሜዳው ላይ ይሰበሰባል፤ ግማሹ ያከብራል፣ ግማሹ ይቃወማል፣ ባለሥልጣን ይወቀሳል። በውሉ መሠረት መሬቴ ተወስዷል የሚል አቤቱታ የሚቀርብለት ጉባኤ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቋቁሟል። ተማሪዬ ከፎቶው ሥር አንድ መስመር ጨምሯል፤ «መምህር፣ እዚህ የሚከራከሩት ቆመውበት ነው»። ለካ ከኋላ ወንበር የነበረው ልጅ እሱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እኔ ይስማ ንጉሥን በጎበኘሁበት በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የወንዞች ዳርቻ ልማት ይፋ ተደርጎ ነበር፤ 56 ኪሎ ሜትር ወንዝ፣ 29 ቢሊዮን ብር። እንጦጦም በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ሆነ። እሰየው ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ወንዝን በሽታው ብቻ ከማወቅ ይውጣ። ግን እነዚያን የተነጠፉ መንገዶች ስሄድባቸው ውጫሌ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ ያንን የከብት መንገድ እንዳያጠፋብኝ እፈራለሁ። ለይስማ ንጉሥ የምመኘው ትንሽ ነገር ነው፤ አውራ ጎዳናው ላይ አንድ ምልክት፣ ጅረቱ ዳር ችግኝ፣ የውሉን 20 አንቀጽ በሙሉ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ጎን ለጎን የያዘ ሰሌዳ። ሲሚንቶ አያስፈልግም። በር ላይ የሚሸጥ ትኬትም ቢቀር ደስ ይለኛል፤ ውሃ ቀጂዎቹ በየቀኑ አራት ጊዜ ይከፍሉ ኖሯል እንዴ?

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጦርነቱ በዚያ መንገድ አለፈ። ስልክ ተቋርጦ ከረመ። መስመሩ ሲመለስ ያ መምህር ወዳጄ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳልኝ። ሰላም መሆኑን፣ ቤተሰቡም ሰላም መሆኑን ነገረኝ። ሽማግሌውም አሉ፤ ከብቶቻቸው ግን የሉም።

«ጅረቱስ?» አልኩት። ጥያቄዬ ለራሴም ቅንጦት መሰለኝ።

«እሱ ነው ያኖረን» አለኝ። «መብራት ሲጠፋ የቧንቧው ውሃም ጠፋ። የከተማው ሰው ሁሉ ጄሪካን ይዞ በዚያች በሄድንባት መንገድ ሲወርድ ከረመ። አሁን ብታያት ሰፍታለች።»

«ዛፎቹስ?»

ትንሽ ዝም አለ። «ወይራው አለ። ጽዶቹ ለማገዶ ሄደዋል።»